ርጭቱ የቀረበት ቅዳሜ

ከእስር ክፍሉ በፊት ያየሁት ጎመኑን ነው። አሰላ፣ ከምሠራበት የግብርና ቢሮ ደጃፍ ላይ ያዙኝ። ጥፋቴ በስብሰባ መሃል ማዳበሪያው ለምን እንደዘገየ መጠየቄ ነበር። መርማሪው ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «የተባይ ጠላቶችን አራባለሁ» አልኩት። «ጠላት» የምትለዋን ብቻ ይዞ አሳሰረኝ።

ክፍሉ የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነበረው። በሩ የሚከፈተው በግንብ ወደታጠረ ጠባብ ግቢ ነው። ከቧንቧው አጠገብ እስረኞች ለጥበቃዎች ወጥ የተከሉት ጎመን አለ። ከእኔ ጎን የሚተኙት የሲሬ ገበሬ፣ አስም ያለባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ደረታቸው ሲያፏጭ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ይላል።

አንድ ጠዋት የጥበቃዎቹ አለቃ ሳጅኑ ጎመኑን ክሽክሽ፣ ያ ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ወሮት አገኘው።

«ጓሮዬ ከግንቡ ማዶ ነው፣ ሊዛመትብኝ ነው። ቅዳሜ መድኃኒት ይረጫል» አለ።

ነፋስ በማይገባበት ግቢ! ሽማግሌው ክንዴን ያዙ። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ያ መርዝ እዚህ ከተረጨ እኔ አልተርፍም።» እውነታቸውን ነበር፤ ፈራሁላቸው።

እግር ለማፍታታት ስንወጣ ቅጠሉን ገለበጥኩ። ከአረንጓዴዎቹ ክሽክሾች መሃል ያበጡ፣ የደረቁ ቡናማዎች አሉ። በቢሮው የማራባቸው ተርቦች ሥራ ነው። ከጤፍ የማትበልጥ ተርብ ክሽክሹ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ ልጇ ከውስጥ በልታው በስታ ትወጣለች። በደስታ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ግን ቀያይ ጥንዚዛዎች ደረሱ።

«እነዚህስ ወዳጅ አይደሉም?» አሉ ሽማግሌው።

«ናቸው አባባ። ግን ተርቧን በሆዱ የያዘውንም ክሽክሽ አብረው ይበሉታል።»

«እንግደላቸው?»

እኔም አስቤው ነበር። ግን ክሽክሹ ብዙ፣ ቀኑ አጭር ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጉናል። ስለዚህ ቡናማዎቹ ካሉበት ቅጠል ጥንዚዛዎቹን በጣት እያነሳን አረንጓዴው ወደበዛበት ወሰድናቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለው ሌሎቹ እስረኞች ሳቁብኝ። ሲውል ሲያድር ግን የሳቁትም ጥንዚዛ ተሸካሚ ሆኑ።

ቅዳሜ ሳጅኑ መርጫውን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው።

«ባለሙያ አይደለህ? ርጭ።»

ሽማግሌው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እጄን ወደኋላ አጣመርኩ።

«አልረጭም ሳጅን። እኚህ አባት እዚህ እያሉ አልረጭም። መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት፤ ክሽክሹን ትንሽ ተርብ እየጨረሰችው ነው።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። አየኝና ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ገለበጠ። አዲሶቹ ቅጠሎች ንጹሕ ነበሩ። በታችኛው ላይ የቀሩት አብዛኞቹ ቀዳዳ ያላቸው ቡናማ ቅርፊቶች ናቸው። ከአንዱ አንዲት ጥቁር ነገር ወጥታ አውራ ጣቱ ላይ ሄደች።

«ይቺ ናት?»

«አዎ፣ እሷ ናት።»

እስክትበር ድረስ ጣቱን አላነቃነቀም። ከዚያ መርጫውን አንስቶ ወጣ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ።

ዛሬ ሁለታችንም ተፈትተን ቤታችን ነን። ጓሮዬ ጎመን አለ፤ ቡናማ ያለበትን ቅጠል ስለማልቀጥፍ ጎረቤቶቼ ሰነፍ ይሉኛል። ሽማግሌው ከሲሬ ሲደውሉ ሰላምታው ሳያልቅ «ተርቦቹ አሉ?» ይላሉ።

«አሉ አባባ።»

ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠበቅ አድርጌ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። አያፏጭም።