«እጅሽን አንሺ!» የምትለኝ እህት አስቴር

ከአዲስ አበባ ጂንካ በገባሁ በአራተኛው ቀን ነው... ሐሙስ። ሐሙስ ግማሹ ሰፈራችን ቀይ አፈር ገበያ ስለሚሄድ «ዛሬ እንኳን ጠያቂ አይመጣብኝም» ብዬ ትራሴን ተደግፌ ተዝናንቻለሁ። ታናሽ እህቴ ማርታም እዚያው ገበያ ሄዳለች። ሚስጥሬን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ሚስጥሩ ምን መሰላችሁ... ጡቴን ተሠርቼ ነው የመጣሁት። አዎ፣ ሲሊኮን።

ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ። ሲፈጥረኝ ቀኙ አደገ፣ ግራው እንደ ወንድ ደረት ቀረ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ በግራ በኩል ጨርቅ ወትፌ ነው የኖርኩት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ስለካ እየዋልኩ ራሴን መስታወት ፊት ለክቼ አላውቅም። ቸርች ደግሞ ሰው ሁሉ እጁን አንስቶ ሲዘምር እኔ ክርኔን ጎኔ ላይ ለጥፌ እቆማለሁ። እጄን ካነሳሁ ጨርቁ ይንሸራተታላ! አንዴማ ብብቴ ሥር ድረስ ሄዶ... ተዉት።

የእህቶች ጸሎት መሪያችን እህት አስቴር ይሄን እያየች በየሳምንቱ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን አንሺ እንጂ! ለጌታ ሲሆን ከበደሽ?» ትለኛለች። እዚያ እስቃለሁ፤ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ።

ስሄድ ለጎረቤት «ደረቴ ላይ ትንሽ ኦፕራሲዮን አለብኝ» ብዬ ነበር። እኛ ሰፈር «ትንሽ» የሚባል ኦፕራሲዮን እንደሌለ ረስቼ።

በሩ ተንኳኳ። እህት አስቴር ከአምስት እህቶች ጋር! አንዷ አጥሚት በፔርሙዝ፣ አንዷ ሙዝ በፌስታል ይዛለች። ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ካንሰር ነው ብለው ደምድመዋል።

«እንጸልይልሽ» አለች እህት አስቴር። እምቢ አይባል ነገር... ከበቡኝ።

«ያበጠው ሁሉ ይጉደል!»

«አሜን!»

«እንዳልነበረ ይሁን!»

«አሜን!»

እኔ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ እባክህ አትስማቸው» እላለሁ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ቀን ከልቤ ጸልዬ አላውቅም።

«እጅሽን አንሺ!» አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ስድስት ሳምንት ክንድሽን ከትከሻሽ በላይ እንዳታነሺ፣ ስፌቱ ይላቀቃል ብሎኛል።

«አልችልም» አልኩ።

«በእምነት ትችያለሽ!»

በእኛ ልማድ ለበሽተኛ ሲጸለይ እጅ የሚጫነው የታመመው ቦታ ላይ ነው። መዳፏን ዘርግታ ወደ ደረቴ ስትመጣ ሳላስበው ጮህኩ።

«አትንኩኝ!»

ድምፄ ወፍሮ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ስድስቱም ተያዩ።

«አሃ!» አለች እህት አስቴር እጅጌዋን እየሰበሰበች። «አንተ ነህ እንዴ የያዝካት? ውጣ!»

«ውጣ! ውጣ! ውጣ!» ሁሉም ባንዴ።

ትራሱን አቅፌ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። አንዷ ትከሻዬን ይዛ ልትወዘውዘኝ ስትል ስፌቴ ሲላቀቅ ታየኝ፣ ያ ሁሉ ዓመት የተመኘሁት ነገር ሲበላሽ ታየኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ኧረ መንፈስ አይደለም! ሲሊኮን ነው! ራሴ ነኝ ያስገባሁት፣ በእናታችሁ እንዳታስወጡብኝ!»

የተዘረጋው እጅ ሁሉ ተሰበሰበ።

ከመሃላቸው አንዷ በሹክሹክታ «ሲሊኮን የትኛው መንፈስ ነው?» ብላ ጠየቀች።

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። እጄን ለምን እንደማላነሳ ስናገር እህት አስቴር ቀስ ብላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እግዚአብሔር የሠራውን አስተካክይ ማን አለሽ» ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አሥር ዓመት ሙሉ ጨርቅሽን ይዘሽ ቆመሽ ነው እኔ ስቆጣሽ የኖርኩት?» አለች። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ይቅር በይኝ እህቴ።»

ከዚያ ብድግ አለች። «እህቶች፣ ጸሎቱን እናስተካክል።» አሁን እጇን ራቅ አድርጋ ዘረጋች። «ጌታ ሆይ፣ የቅድሙን ተወው። የገባው በገባበት ይጽና! ስፌቱ ይያዝ! ግራና ቀኙ እኩል ይሁን!»

«አሜን!» ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ማርታ ከገበያ ስትመለስ አጥሚቴን እየጠጣሁ፣ ስድስቱ እህቶች ስለ ጡት መያዣ ቁጥር ሲጠይቁኝ ደረሰች። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ትናንት እሁድ ስድስት ሳምንቴን ጨርሼ፣ ሐኪሙም ፈቅዶልኝ ቸርች ሄድኩ። መዝሙሩ ሲጀመር መጀመሪያ ቀኝ እጄን፣ ቀጥሎ ግራውን አነሳሁ። ትንሽ ይስበኛል... ግን የተንሸራተተ ነገር የለም። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ።

እህት አስቴር ከፊት ወንበር ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ፈጠጠ፤ በሁለት እጇ ወደ ታች ወደ ታች እያመለከተች «አውርጂ! ቀስ! ስፌቱ!» ትለኛለች።

አሥር ዓመት «አንሺ» ስትለኝ ያልሰማኋት ሴትዮ፣ ትናንት «አውርጂ» ስትለኝም አልሰማኋትም።