መምህርት ዞራይዳ የጠበቋቸው አሥራ አንድ እንግዶች

መምህርት ዞራይዳ መንደራችን ቪኛሌስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ አስተምረዋል። እኔንም አስተምረውኛል፤ ውጤቴን ግን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። ከዚያ ማስተማሩን ትተው ከቤታቸው ሁለት ክፍል ለቱሪስት ማከራየት ጀመሩ። ያኔ መንደሩ ሁሉ በቱሪስት ነበር የሚያድረው። ክፍል ያላከራየ አስጎብኚ ነው፤ አስጎብኚ ያልሆነ ደግሞ እንደኔ ባለ ፈረስ ጋሪ ነው።

መጀመሪያ አውሎ ነፋስ መጥቶ ጣሪያቸውን ወሰደው፤ አሠሩት። ቀጥሎ ወረርሽኝ መጣ፤ እስኪያልፍ ጠበቁ። ባላቸው ሞቱ፤ ቀበሩ። ከዚያ ደግሞ ነዳጅ ጠፋና አውሮፕላኖቹ ቀሩ። የመጨረሻው እንግዳ፣ አንድ ጥርሱን የሚያመው ፖርቱጋላዊ፣ በየካቲት ሄደ። መምህርት ዞራይዳ ግን ሰኞ ሰኞ የሁለቱንም ክፍል አንሶላ መቀየር አልተዉም።

«ማን ተኝቶበት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ።

«አቧራ።»

መብራት የሚመጣው በቀን ለአራት ሰዓት ነው። በኅዳር መጀመሪያ መብራት በመጣበት ሰዓት ስልካቸው ላይ መልእክት ገባ። አሥራ አንድ ኖርዌያውያን ወፍ ለማየት ሊመጡ ነው። አውሮፕላናቸው ነዳጁን ሌላ አገር ሞልቶ ይመጣል። ከአየር ማረፊያ የሚያመጣቸው አውቶቡስ ግን ከፒናር ከተማ አያልፍም፤ ካለፈ መመለሻ ነዳጅ የለውም።

ከፒናር እኛ ጋ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ዳገት። በመንደሩ ያን ያህል መሄድ የሚችለው የእኔ ፈረስ ብቻ ነበር፤ የሌሎቹ ከስተዋል፤ የእኔ ጋሪ ደግሞ አሥራ አንድ ሰው አይችልም። መምህርት ዞራይዳ ወደ ባላቸው ታናሽ ወንድም ወደ ሌኦቪሂልዶ ሄዱ። ሌኦቪሂልዶ ትምባሆ ገበሬ ነው። ሁለት በሬዎች አሉት፤ ከሰው ይልቅ ከእነሱ ጋር ነው የሚያወራው።

«በሬዎችህን ፈልጌ ነበር» አሉት።

«ለእርሻ?»

«ለኖርዌዮች።»

ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «ሊበሏቸው ነው?»

«ሊሳፈሩ ነው። ጋሪህ ላይ ወንበር እናስራለን።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በሬ እኮ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው።»

«አውቃለሁ። ሃያ አምስትን ለሦስት አካፍል።»

«ማካፈሉን ተይው። እመጣለሁ።»

ጎረቤት ተሰብስቦ እንግዶቹን ለማሳደር ተከፋፈለ፤ ለአቀባበል የሚሆን አሳማም ተመረጠ። እኛ ሦስታችን ከበሬዎቹና ከፈረሴ ጋር በዋዜማው ወርደን ፒናር አደርን። በነጋታው ጠዋት አውቶቡሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሦስት ሰዎች ወረዱ፤ አንድ አዛውንት ከነሚስቱ፣ እና ኢንጉን የምትባል ረጅም ሴት። መምህርት ዞራይዳ ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም። ሾፌሩ በሩን ዘጋው።

«ሌሎቹስ?» አሉ።

ኢንጉን የእኛን ቋንቋ አሳምራ ትናገራለች። «ስምንቱ ዜና ሰምተው ቀሩ» አለች። «ይቅርታ።»

«ዜናው ምን አለ?»

«መጓጓዣ የለም አለ።»

ሌኦቪሂልዶ በሬዎቹን አየ። በሬዎቹም እሱን አዩት።

መምህርት ዞራይዳ ከአውቶቡሱ ኋላ ሄዱ። ሲቆዩብኝ ተከተልኳቸው። ግንባራቸውን ብረቱ ላይ አስደግፈው ቆመዋል።

«መምህር» አልኩ።

«ዘወር በል። እየቆጠርኩ ነው።»

ምን እንደሚቆጥሩ አልጠየቅኩም። ሲመለሱ ፊታቸውን ታጥበዋል። «እንኳን ደህና መጣችሁ!» አሉ፣ አሥራ አንዱም ቆመው የሚሰሟቸው ይመስል ጮክ ብለው።

ሦስት ሰው ለእኔ ጋሪ ልክ ነበር። ምሳ ሳይደርስ እንገባ ነበር። እንግዶቹ ግን በቀጥታ ወደ በሬዎቹ ሄዱ። እኔም ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ሙሉ ባዶ ጋሪ ይዤ ከበሬ ኋላ አዘገምኩ። ፈረሴ ለዚያ ቀን እስካሁን ይቅር አላለኝም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ፕሪንሲፔ የሚባለው በሬ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌኦቪሂልዶ ለመነው፣ ሰደበው፣ የእናቱን ስም አነሳ። በሬው ንቅንቅ አላለም።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ኢንጉን።

«እያሰበ ነው» አላት።

መንገዱ ጭር አለ። መኪና የለ፣ ሞተር የለ። ከዚያ ከጥዱ ውስጥ አንዲት ወፍ ጀመረች። ድምፅዋ መጀመሪያ የዛገ በር ሲከፈት ይመስላል፤ ቀጥሎ ቀጠን ብሎ ዋሽንት ይሆናል። ሦስቱም እንግዶች በአንዴ ተነሱ። አዛውንቱ ኮፍያውን አወለቀ። ኢንጉን የርቀት መነጽሯን ወደ ጥዱ አቅንታ ትንፋሿን ያዘች።

«እቺን ወፍ ፍለጋ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ሁለቴም አውቶቡሱ እዚህ ሳይቆም አለፈ።»

«እቺን?» አለ ሌኦቪሂልዶ። «ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ የምትነሳኝን?»

ኢንጉን ማልቀስ ጀመረች። መምህርት ዞራይዳ መሀረባቸውን አቀበሏትና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ለወፍ ነው የምታለቅሰው?»

«ለወፍ ነው።»

«እንግዲህ ይሁና» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። የሳቸውም ዓይን ደህና አልነበረም።

ፕሪንሲፔ ሐሳቡን ጨርሶ ተንቀሳቀሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መንደር ስንገባ ለአሥራ አንድ ሰው የተጠበሰው አሳማ፣ ከሩዝና ከጥቁር ቦሎቄ ጋር፣ መንገድ ላይ ተደርድሮ ጠበቀን። ሰፈሩ በላው። ኖርዌያውያኑ ሁለት ሁለቴ አነሱ። መምህርት ዞራይዳ ባልና ሚስቱን አምስት ልጅ ለምታሳድገው ለጎረቤታቸው ለኔሬይዳ ኪራዩ ይድረሳት ብለው ሰጧት፤ ኢንጉንን እሳቸው ወሰዱ።

ኢንጉን አገሯ ገብታ ስለ መንገዱ ጻፈች። በጥር አምስት ሰዎች መጡ። በዚያ ወር ነዳጅ ትንሽ ተገኝቶ ስለነበር አውቶቡሱ ቪኛሌስ ድረስ ሊያመጣቸው ፈቃደኛ ነበር፤ እነሱ ግን በበሬ ካልሆነ አሉ። ሌኦቪሂልዶ ለበሬዎቹ አዲስ ቀንበር ጠረበ። ከሰው ጋር ማውራት ግን አሁንም ይከብደዋል፤ የሚጠይቁትን ለበሬዎቹ ነው የሚመልሰው።

በአምስት ሰው መንደር አይቆምም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርት ቤቱም መምህር አጥቶ ስለነበር መምህርት ዞራይዳ ማክሰኞና ሐሙስ ፊዚክስ ማስተማር ጀምረዋል። ተማሪዎቹ ከእኔ የባሱ ናቸው ይላሉ፤ ደስ ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት ከኦስትሪያ አራት ሰዎች ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ሰምቼ ቤታቸው ገባሁ። ግቢው ውስጥ አንሶላ እያጠቡ ነበር።

«የሚመጡ ይመስልዎታል?»

«አውሮፕላኑ ከተነሳ ይመጣሉ። ና፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝና እንጭመቀው።»

ያዝኩላቸው። እሳቸው ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ ጠመዘዝን።