ውድነሽ ያልፈተሸችው ወረቀት

ውድነሽ በየነ ሰው አታምንም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ በኩራት ትናገረዋለች። ዳላስ ኤርፖርት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመንገደኛ ሻንጣ ፈትሻለች፤ ሥራው አመሏን አበላሽቶት ይሁን ወይስ አመሏ ሥራውን አስገኝቶላት፣ በምትኖርባት የዳላስ ዳርቻ ጋርላንድ ውስጥ የሚያውቅ የለም። እንቁላል ስትገዛ ካርቶኑን ከፍታ አንድ በአንድ ታገላብጣለች። የማታውቀው ቁጥር ከደወለ ስልኩን አታነሳም፤ የምታውቀው ሲደውል ደግሞ «ዛሬ ምን ፈልጎ ነው?» ብላ ነው የምታነሳው። የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ገንዘብ ያዥ አድርጎ የመረጣትም ለዚሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ክፉ በረዶ መብራት የጠፋ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ አዛውንቱን የሚያሞቅበት አንድ ክፍል እንኳ አጥቶ ነበር። ጉባኤው ያን አልረሳም። ባለፈው መኸር ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ጓዳው ውስጥ ትልልቅ ባትሪዎች ተገጠሙ። ከወጪው የተወሰነውን ምእመናኑ አዋጡ፤ ለቀረው ብድር ተወሰደ፤ ለብድሩ ደግሞ ጡረታ የወጡት ታክሲ ነጂ ጋሽ ነጋ ቤታቸውን አስያዙ። እሳቸው ደስ ብሏቸው ነው ያስያዙት፤ እንቅልፍ ያጣችው ውድነሽ ናት።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ኤልዳድ ብድግ ያለው። ኤልዳድ እዚሁ አሜሪካ ያደገ፣ ጎረቤት ከተማ ፕሌኖ ውስጥ በሂሳብ ሙያ የሚሠራ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው። በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ መንግሥት ለሶላሩ ሠላሳ ስድስት ሺህ ዶላር ሊሰጠን ይችላል አለ።

«ለምን ብሎ?» አለች ውድነሽ።

«የታክስ ክሬዲት ነው፣ እትዬ።»

«ቤተ ክርስቲያን ግብር ከፍላ ታውቃለች እንዴ? ያልከፈልነውን ምኑን ነው የሚመልሱልን?»

«ሶ፣ ማለቴ፣ ሕጉ እንደሱ ነው። ታክስ ባንከፍልም ሶላሩን ሬጅስተር አድርገን፣ ፎርሙን በጊዜው ፋይል ካደረግን፣ እንደ ከፈልን ቆጥረው ሠላሳ ፐርሰንቱን በቼክ ይልካሉ። እስከ ሜይ አሥራ አምስት ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለች ውድነሽ። ጋሽ ነጋ ግን አልሳቁም። አበዳሪው በዓመቱ መጨረሻ ከፍ ያለ ክፍያ ይጠብቃል፤ ይህ ገንዘብ ካልመጣ ከየት እንደሚከፈል አያውቁም። «ቤቴ ነው እኮ፣ ልጆቼ» አሉ ቀስ ብለው።

ውድነሽ ይህን ስትሰማ ይበልጥ ጠረጠረች። አንድ የግብር መሥሪያ ቤት ነኝ ባይ ደውሎ የጎረቤቷን ልጅ አራት ሺህ ዶላር የበላት በቅርቡ ነው። አጭበርባሪዎቹም እንዲሁ ፎርም፣ ቁጥር፣ ቀነ ገደብ ይላሉ። «ሽማግሌዎች» አለች፣ ልጁ ፊቷ ተቀምጦ እያለ፣ «በሰው ቤት ቁማር አንጫወትም። መጀመሪያ ይህ ልጅ ራሱ ይጣራ።» ኤልዳድ ጆሮው ድረስ ቀላ። ላፕቶፑን ከደነ።

ኤልዳድ ሶላሩን አስመዝግቦ መመዝገቢያ ቁጥሩ ከመንግሥት ሲመጣ ውድነሽ ቁጥሩን ይዛ ግብር መሥሪያ ቤቱ ጋ ደወለች። አንድ ሰዓት ተኩል ሙዚቃ ሰማች። በመጨረሻ ያነሳው ሰውዬ አሠራሩ እውነት ነው፣ አብያተ ክርስቲያናትም ይጠቀሙበታል አላት። እሷም በማግስቱ እንደገና ደውላ ሰውዬው እውነቱን መሆኑን ሌላ ሰው ጠየቀች።

ቀጥሎ የደረሰኙ ጣጣ መጣ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ በጋራ አይገዛም፤ ማድ ቤቱ ውስጥ ያለው ድስት ሁሉ ቂጡ ላይ የገዛው ቤተሰብ ስም ተጽፎበታል። ሶላሩንም እንዲሁ አደረጉት። አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ከጣሪያው ፓኔል አንድ አንድ ረድፍ ወሰዱ፣ አራት አራት ሺህ ዶላር በየካርዳቸው ከፈሉ፣ ደረሰኙንም በየስማቸው አስቆረጡ። ኤልዳድ ይህን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ኦኬ፣ ክሬዲቱን የሚጠይቀው ቸርቹ ከሆነ ሶላሩም የቸርቹ መሆን አለበት። ሁሉም ለቸርቹ ሰጥቻለሁ፣ በራሴ ታክስም ላይ ክሬዲቱን ክሌም አላደረግኩም ብሎ ይፈርም። አንድ ሰው ቤቴ ላይ የተገጠመ ነው ብሎ ክሬዲት ወስዶ ከሆነ ግን ፋይላችን ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።»

ይህ ለውድነሽ ሠርግና ምላሽ ሆነላት። ፊርማ ብቻ አይበቃኝም፣ የእያንዳንዱን የግብር ወረቀት በዓይኔ ካላየሁ አለች። ከሥራ ስትወጣ ዴንተን ድረስ እየነዳች በየቤቱ ገባች። የቀረበላትን ጭማቂ ሳትጠጣ ወረቀት ታገላብጣለች፤ ሰውን ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። አንዱ አዲስ መኪና መግዛቱን ስታይ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። ምንም አላገኘችም፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፍቷትም ነበር።

አሥራ አንደኛዋ ሐዊ ነበረች፤ ሆስፒታል የምትሠራ፣ አፏ የማይታሰር ነርስ። ወረቀቷን ሰጠቻትና «የእርስዎንስ ማን አየው፣ እትዬ?» አለቻት።

«የኔን?»

«አሥራ ሁለተኛዋ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ውድነሽ እሳት ለብሳ ወጣች። አፏን ላስይዛት ብላ አፓርታማዋ እንደደረሰች ወረቀቷን ከመሳቢያ አወጣች። የእሷን ግብር የሚሠራላት የሐበሻ ሱቆች መደዳ ላይ ቢሮ ያለው ያገሯ ልጅ ነው፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እያለች ስድስት ዓመት አሠርታዋለች። አንድም ቀን አንብባ አታውቅም። እንቁላል የምታገላብጥ ሴት በራሷ ስም የተሞላውን ወረቀት ዓይኗን ጨፍና ስትፈርም ኖራለች።

ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘችው። ለመኖሪያ ቤት ሶላር፣ አራት ሺህ ዶላር። ክሬዲት፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ይቺ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ የምትኖር፣ ጣሪያ የሌላት ሴት! ዘንድሮ የግብር ተመላሿ ሲበዛላት መድረክ ላይ ወጥታ ጌታ እጥፍ አድርጎ ባረከኝ ብላ መመስከሯ ትዝ አላት።

ሰውየው ጋ ደወለች። «ደረሰኙን ከሌላው ወረቀትሽ ጋር ያመጣሽልኝ አንቺ አይደለሽ?» አላት እየሳቀ። «ለስንቱ ሠርቼዋለሁ። ዝም በይ፤ ማን ያያል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አያይም። የሰውን ሁሉ ወረቀት የምታየው እሷ፣ የእሷን የሚያይ የለም። ክሬዲት አልወሰድኩም ብላ ብትፈርም ያልቃል። ግን መንግሥት አንድ ቀን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ካስቀመጣቸው ገንዘቡም ይቀራል፣ የጋሽ ነጋ ቤትም አብሮ ይሄዳል። ደግሞ አሥራ አንድ ቤት ገብታ ሰው ዓይን ዓይኑን ማየቷ አለ። እሱ አሳፈራት፤ ከገንዘቡም በላይ አሳፈራት።

ፋይሉ የሚላከው ሐሙስ ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ኤልዳድ አሥራ ሁለቱን የስጦታ ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አሥራ አንዱ ተፈርመዋል። አሥራ ሁለተኛው የእሷ ነው፤ ስሟ፣ ረድፏ፣ ክሬዲት አልወሰድኩም የሚለው ሁሉ ተሞልቷል። ኤልዳድ እስክሪብቶ አቀበላት።

«ይህን ማን ሞላው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ወረቀቴን ሳታይ?»

«የእርስዎን?» ልጁ ከልቡ ገረመው። «እትዬ፣ እርስዎን ማን ይጠረጥራል?»

ስብሰባ ላይ በሰው ፊት ያዋረደችው ልጅ ነው። ብትሰደብ፣ ብትገፋ ይሻላት ነበር። ደብዳቤውን ወደ እሱ መለሰችና ብድግ አለች።

«ወስጃለሁ» አለች። «ባላውቅም ወስጃለሁ። አንብቤ ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር።»

ጋሽ ነጋ መነጽራቸውን አውልቀው ኤልዳድን አዩት። «ቤቴስ፣ ልጄ?»

«ዛሬውኑ የእትዬን ታክስ አሜንድ አድርገን፣ ማለቴ አርመን፣ ክሬዲቱን ይመልሳሉ። ከዚያ ሐሙስ የቸርቹን እንልካለን። ይደርሳል።» ከዚያም ወደ እሷ ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባይናገሩ እኮ አላይም ነበር።»

ውድነሽ የግብር ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርግ» አለችው። «ከአሁን በኋላ መጀመሪያ የምትፈትሸው እኔን ነው።»