ግላስ የለበሰው ባጃጅ

እንጅባራ ላይ የፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት ቀን ረፋዱ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ባጃጃቸውን አስገፍተው ወደ መካኒኩ ወደ ይኸነው ጋራዥ መጡ። ባጃጁ ቀይ የፈረስ ግላስ ለብሷል፤ ግንባሩ ላይ ቃጭል ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው አለንጋቸውን በብብታቸው ሸጉጠዋል። ከፈረሶቹ ጋር ሲሽቀዳደሙ ቦይ ውስጥ ገብተው ነበርና የፊት ጎማው ቸርኬ ተጣሟል፤ ሞላውም ታጥፏል።

ይኸነው ወንበር ሰጣቸው።

«እሱ ቆሞ እኔ ልቀመጥ?» ብለው ባጃጁን እያዩ እምቢ አሉ።

ሳቁን ዋጥ አድርጎ መዶሻውን አነሳ።

«ቀስ በል፣ ይደነብራል!» አሉት መሪውን እንደ ልጓም ጨብጠው።

«አባቴ፣ ባጃጅ እኮ ነው!»

«ባጃጅ መሆኑማ መቼ ጠፋኝ? ልጄ ፈረሱን ሸጦ ነው የገዛው።» ግላሱ ላይ ያረፈውን ጭቃ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ልጄ ካለፈ ወዲህ ሰልፉ ላይ ቦታው ባዶ ነው። ፈረሰኞቹ ከሰዓት እንደገና ይሰለፋሉ። ይደርስልኛል?»

ይኸነው ሳቁ ጠፋ። አዲስ ሞላ ፈልጎ አወጣና ከቸርኬው አጠገብ አስቀመጠው።

«ይደርሳል፣ አባቴ።»

መዶሻውን ከማሳረፉ በፊት ግን የባጃጁን ግንባር በመዳፉ መታ መታ አደረገና «አይዞህ» አለው።

ያን ጊዜ ሽማግሌው መሪውን ለቀቁ።