የሌለው እጅ

ሞባይል ገና ጅጅጋ ሳይገባ፣ ጸጉር ቤት በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ግራ እጃቸው ከክርናቸው በላይ የተቆረጠ አንድ ሰው ደንበኛዬ ሆኑ። የኤረር ሰው ናቸው። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ፣ ዕቃ ሲያመላልሱ የሚነዱት መኪና ተገልብጦ ነው እጃቸውን ያጡት። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እንደ አገሩ ልማድ «አብቲ» እላቸው ነበር፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጺማቸውን አረፋ ቀብቼ ምላጩን ግራ ጉንጫቸው ላይ ሳሳርፍ ጉማጅ ክንዳቸው ዘለል አለ።

«ቀስ በል» አሉኝ። «አውራ ጣቴን ነካኸው።»

ቀኝ እጃቸውን አየሁ። ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል።

«የትኛውን፣ አብቲ?»

«ያንኛውን» አሉና በአገጫቸው ወደ ባዶው እጅጌ ጠቆሙኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው «እስቲ ንካኝ» አሉ። ጉንጫቸውን በጣቴ ጫፍ ስነካ «አውራ ጣት» አሉ። ከንፈራቸው አጠገብ ስደርስ «ሌባ ጣት»፤ አገጫቸው ላይ ደግሞ «ትንሿ»። ፊታቸውን ሳጥባቸው ውሃው በሌለው መዳፋቸው ላይም እንደሚወርድ ይነግሩኝ ነበር። የቀትር ፀሐይ በሩን ሞልቶት ሳለ ጀርባዬን በረደኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸውን በላጨሁ ቁጥር የማላየውን ሰውም የምነካ ይመስለኝ ጀመር።

የሚያሠቃያቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። «እጄ እንደተጨበጠ ቀርቷል» ይሉኛል። «ጥፍሬ መዳፌን ይወጋኛል። ልፈታው ስል እምቢ ይለኛል።»

አንድ ጠዋት፣ ለግድግዳው ያስመጣሁትን አዲስ መስታወት በግራ ጎናቸው፣ ወንበሩ ላይ አስደግፌ አቁሜው ነበር። ዞር ሲሉ የቀኝ እጃቸው ምስል ልክ ግራው በነበረበት ቦታ ታያቸው። ቀኝ እጃቸውን ጨበጡ፤ መስታወት ውስጥ ያለውም ጨበጠ። ከዚያ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ።

«ተፈታ» አሉ በሹክሹክታ። እንባቸው አረፋውን እየሰነጠቀ ወረደ።

መስታወቱን ሰጠኋቸውና ኤረር ይዘውት ሄዱ። ነገሩን ለአንድ ለማውቀው የጤና ባለሙያ ብነግረው አልገረመውም። ፊትና እጅ አንጎል ውስጥ ጎረቤት ናቸው፤ እጁ ሲጠፋ ፊት ቦታውን ይወርሳል፣ አለኝ። ገባኝ፤ ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም።

ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። ሕመሙ ለቋቸው ፊታቸው ወዝ አውጥቷል።

«እጁስ?» አልኳቸው።

«አለ። ግን እያጠረ ነው።» የተቆረጠውን ጫፍ ዳሰሱ። «መዳፌ እዚህ ደርሷል፤ ጣቶቼ ከዚህ ነው የሚወጡት። መስታወቱን ባየሁ ቁጥር ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየገባ ነው።»

«ገብቶ ሲያልቅስ?»

«መስታወቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ» አሉኝ። «ቢያመኝም የራሴው እጅ ነው። የቀረው ይቆይልኝ።»