ቀድሞ የደረሰ ይቅርታ

አራት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ይዤ ክፍል ገብቻለሁ፣ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ለማንም ግን አልተነፈስኩም። ከፊሉን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ እነሱ የሚያውቁት እንደ በጎ ሥራዬ ነው። እኔ ዛሬ የምናዘዘው የተመሰገንኩበትን ነገር ነው።

ያኔ ቦሌ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ምንም ስለማይሰማ፣ ጠመኔዬን እንደያዝኩ እቆማለሁ፤ ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ከዚያች ጊዜ በቀር ዝም ማለት አላውቅም ነበር። ማብራራት እወዳለሁ። አንዱን ነገር አብራርቼ ስጨርስ ደግሞ በምሳሌ አብራራዋለሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖ ሥልጠና በየፈርጁ የሚሰጥበት ጊዜ ነበርና፣ ርዕሰ መምህሩ ስለ ምክር አገልግሎት ሁለት ሳምንት እንድሠለጥን ላከኝ። አሠልጣኛችን ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ያስተማረችን ባለጉዳዩን ማዕከል ያደረገ ምክር የሚባለውን ነው። እኛ የምናውቀው ምክር ታላቅ ተናግሮ ታናሽ የሚሰማበት ነው፤ ይሄኛው ተገላቢጦሽ ነው። የሚሰማው አማካሪው ነው። አይፈርድም፣ አይገሥጽም፣ «እንዲህ አድርጊ» አይልም። የሰማውን በራሱ አነጋገር ይመልስና «እንዲህ ማለትሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥቅሙ ምንድን ነው? ሰው ሳይፈረድበት ሲናገር የገዛ ራሱን ድምፅ ይሰማል፤ ራሱን ሲሰማ መንገዱን ያገኛል፤ መንገዱን ራሱ ሲያገኝ ያድጋል። ሌላ ሰው ተሸክሞ ቢያሻግረው ግን ተሻገረ እንጂ አላደገም። ይህን ሁሉ በደብተሬ በቀይና በሰማያዊ ጽፌዋለሁ። ብፈተን መቶ ከመቶ አገኝ ነበር።

ስመለስ የስፖርት አስተማሪው ተሾመ በሳቅ ሞተ። «ዝም ማለት በሥልጠና ከሆነማ ዳይሬክተራችንንም አስመዝግብልኝ!» አለኝ። ቢሆንም የኳሶቹን ዕቃ ቤት እኩሌታ የለቀቀልኝ እሱ ነው። ሁለት ወንበር አስገባሁ።

ሐያት ብዬ ልጥራት፤ ስሟ ይህ አይደለም። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው መገናኛ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ናቸው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ክፍል ውስጥ ድምፅ አልነበራትም፤ ስም ስጠራ እንኳ እጇን ብቻ ታነሳለች። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ብቅ እንድትል ጠየቅኋት፤ መጣች። ሁለት ሐሙስ ኳሶቹን እያየች ተቀመጠች። በሦስተኛው፣ አውሮፕላን ሲያልፍ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ድገሚልኝም አላልኩም። ጩኸቱ ሲያልፍ ራሷ ደገመችው።

«እኔ ነኝ ያዘገየሁት፣ ቲቸር።»

እናቷ በታመሙ ቀን «አባትሽን ጥሪልኝ፣ የምነግረው አለኝ» ብለው ወደ ሱቅ ላኳት። መንገድ ላይ ቆመች። ምን እንዳቆማት አልጽፍም፤ እሱ እንኳ የእሷ ሆኖ ይቅር። የልጅ ነገር ነው። አባቷን ይዛ ስትመለስ እናቷ መናገር ተስኗቸው ነበር። በማግስቱ ሞቱ። አባቷ ለምን እንደቆየች ሲጠይቋት «ታክሲ አጣሁ» አለች። ያቺን ውሸት ይዛ አንድ ዓመት ሙሉ ከአባቷ ጋር አንድ ገበታ ቀረበች።

ሰባት ሐሙስ ተቀመጥን። እስከዚያ ድረስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ ሰምቻታለሁ። መጀመሪያ «እናቴን ገደልኳት» ትል ነበር። ቆይታ «ዋሸሁ» አለች። በሰባተኛው ሐሙስ «ለአባዬ መናገር እፈልጋለሁ» አለች። እኔ አይደለሁም ያልኳት፤ ራሷ ናት።

«ግን ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም» አለችኝ።

«መጀመሪያውን እየፈለግሽ ነው» አልኳት።

«አዎ። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

ትንሽ ጊዜ። ከእኔ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው። ይህን ነው የከለከልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሩዋንዳ ሠፈር ከተከራየኋት ክፍል ወጥቼ በቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? እኛ ዘንድ ሰው ያጠፋ እንደሆነ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌው ይናገርለታል፣ ይቅርታውን ይዞለት ይመለሳል። እኔም በሃያ አምስት ዓመቴ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ራሴን ሽማግሌ አድርጌ ሾምኩ። ከምትጨነቅ ልቅደምላት አልኩ። ለራሴ ያብራራሁት እንዲህ ነው። ግን እውነቱ ይህ ነበር? ከሳምንቱ ሰው እኔን ብሎ የሚመጣበት ቀን ሐሙስ ብቻ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ከራዲዮኔ በቀር የሚያናግረኝ አልነበረም። ለአባቷ የተናገረች ዕለት እኔ አላስፈልጋትም። የማላስፈልግ ሰው ከመሆኔ በፊት ባለውለታ መሆን ፈለግኩ። እኔ ፈለግኩ። እኔ።

ጋሽ እንድሪስ፣ እሳቸውንም እንዲህ ልጥራቸው፣ መቀሱን እንደያዙ አዳመጡኝ። ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳኋቸው። ሲያለቅሱ ፊታቸውን ወደ ጨርቁ አዞሩ።

«ወላሂ፣ እኔ አውሬ ነኝ እንዴ መምህር? አንድ ቤት እያደርን፣ ለእርስዎ ነግራ ለእኔ የምትደብቀኝ?»

ቆይተው ግን ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልጄ ናት። አውፍ ብያታለሁ፣ ይቅር ብያታለሁ። ከእንግዲህ ይህ ነገር በቤቴ አይነሳም» አሉ። ምሳ ሳይበሉማ አይሄዱም ብለው፣ እስላም ክርስቲያኑን የሚያስማማ ሽሮ ከጎረቤት ምግብ ቤት አስመጡ። ከአንድ ትሪ በላን። ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ ነበር! ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ከፈትኩና «ጉዳዩ ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም በማስመሪያ አሰመርኩበት።

ሐሙስ መጣች። አልተቀመጠችም። እኔ ፈገግ ብዬ ምስጋናዬን እጠብቅ ነበር።

«አባዬ ቅዳሜ ገና ከበር ስገባ፣ ‹አውፍ ብዬሻለሁ፣ እንዳታነሺብኝ› አለኝ።» ዓይኗን ወደ ኳሶቹ መለሰች። «አግኝቻት ነበር እኮ፣ ቲቸር። መጀመሪያዋን። ነገ ከጁምዓ ሲመለስ ልነግረው ነበር።»

ያን ሰዓት አውሮፕላን እንኳ አላለፈልኝም። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ወደዚያ ክፍል አልመጣችም። ስም ስጠራ እንደ ድሮው እጇን ብቻ ታነሳ ጀመር። አባቷ ይቅር ብለዋታል፤ ምን እንዳቆማት፣ ያን ዓመት እንዴት እንደኖረችው ግን ከአፏ አልሰሙም። እንዴትስ ይስሙ? በሩን በይቅርታ ዘጉት፤ ያስዘጋኋቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ፣ መናገሩም የእሷ ነበር። መንገዷን ልታገኝ ጥቂት ቀን ሲቀራት ተሸክሜ አሻገርኳት። ዕቃ የሰረቀ ዕቃውን ይመልሳል፤ እኔ ምኑን እመልሳለሁ?

ጋሽ እንድሪስ ለርዕሰ መምህሩ ደውለው አመስግነው ኖሮ፣ በመምህራን ስብሰባ ተጨበጨበልኝ። ዘዴውን እንዳብራራ ጠየቁኝ። ተነሥቼ አብራራሁ። አዎ፣ አብራራሁ።

አሁን ትምህርቷን ጨርሳ ከአባቷ ጎን ጨርቅ ትለካለች። በመገናኛ ሳልፍ ከመንገዱ ማዶ አያቸዋለሁ፤ ሁለቱም ዝም ብለው ይሠራሉ። በቀደም ከተሾመ ጋር ስናልፍ አይታን ፊቷን አዞረች። «ምን አድርገሃት ነው? አባቷን አውቃቸዋለሁ፤ ልግባና ላስታርቃችሁ» አለኝ። እጁን ለቀም አድርጌ ያዝኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

የምገባው እኔ ነኝ፤ ብቻዬን። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እሷ በሰባት ሐሙስ ለደረሰችበት እኔ አራት ዓመት አልበቃኝም። ምን ያህል ደክማ ያገኘቻትን መጀመሪያ እንደነጠቅኋት የገባኝም አሁን ነው።

ይህን የምታነቡ፣ ልባችሁ ራርቶ «ወጣት ነበር፣ ለበጎ ብሎ ነው» ትሉ ይሆናል። አትበሉ። እባካችሁ እናንተ ቀድማችሁ ይቅር እንዳትሉኝ። ገና ለእሷ አልነገርኳትም።