በግራ ተከላካዩ ጀርባ

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለዲፓርትመንታችን ቡድን በቀኝ መስመር አጥቂነት እጫወት ነበር። ሩጫ እንጂ የኳስ ችሎታ ያን ያህል አልነበረኝም። አሰልጣኛችን፣ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር ቀጭን ሰው፣ ይህን ስለሚያውቅ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አስተማረኝ።

«ተከላካይን በጉልበት አታልፈውም» ይለኝ ነበር። «ዓይኑን ጠብቅ። ኳሱንም አንተንም አንድ ላይ ማየት ሲያቅተው በጀርባው ግባ።»

የግማሽ ፍጻሜው ቀን ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከመሃል ከተማ በባጃጅ ስመለስ ሁለት ሰዎች የግቢው በር ላይ ከጥበቃው ጋር ሲነጋገሩ አገኘኋቸው። አንዱ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ፣ ሌላው ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ነው። የረጅም መንገድ አቧራ ሁለቱንም አልብሷቸዋል። የሚፈልጉትን ልጅ ስም ሲጠሩ አወቅኩት። የሚኖረው በእኛ ፎቅ፣ ከእኔ ሦስት በር አለፍ ብሎ ነው። በዚያን ቀን የምንገጥመው ቡድን የግራ ተከላካይም እሱ ነበር። እኔን የሚይዘኝ ማለት ነው።

«ጓደኛው ነህ?» አለኝ ጎልማሳው።

«አዎ» አልኩ። ሰላም ከመባባልና ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን ይዘን አብረን ከመሰለፍ ያለፈ ቅርበት አልነበረንም።

ሽማግሌው ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። «አጎቱ ነኝ፣ ልጄ። አባቱ ሐሙስ ዕለት አረፈ፣ ትናንት ቀበርነው። አሁን እንዳይሰማ። አሞታል ብለን ይዘነው እንሄዳለን።»

«አባባ፣ ጨዋታ አለበት። አሁን ሊጀምሩ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ይጨርስ» አሉ። «ይቺን እንኳ በደስታ ይጫወት።»

ሜዳው ድረስ ወስጄ ከተመልካቹ መሀል አቆምኳቸውና ማልያዬን ልለብስ ሄድኩ።

በመጀመሪያው አጋማሽ እሱ የተሰለፈው በወዲያኛው መስመር ስለነበር አላያቸውም። እኔንም አላላወሰኝም። ትከሻውን እያስጠጋ፣ እየሳቀ ኳሱን ይነጥቀኝ ነበር። አንድ ለዜሮ እየተመራን ዕረፍት ወጣን።

አሰልጣኙ «በየት በኩል ይከፈታል?» ብሎ ጠየቀን።

«በእኔ በኩል» አልኩ። «አሁን ጎል ስንቀያየር እሱ ወደዚህኛው መስመር ይመጣል። ዘመዶቹ ከሀገር ቤት መጥተው እዚያ ቆመዋል። ሲያያቸው ኳስ አያይም።»

«ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«እኔ እንጃ።»

ከዚያ በኋላ ረጅሙ ኳስ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ከግቢው አጠገብ ካለው ሐይቅ የሚነሳው ነፋስ ከጀርባችን ስለነበር ኳሱ ከተከላካዮቹ አናት በላይ እያለፈ ይወድቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አጎቱን አያቸው። ደስ ብሎት እጁን አነሳ። ሽማግሌው ግን የእሳቸውን አላነሱም። እሱ ምላሽ ሲጠብቅ እኔ በጀርባው ገብቼ ነበር። ያሻገርኩትን ኳስ አጥቂያችን በጭንቅላቱ አገባው።

ቀጥሎ አንገቱ ወደ ዳር መዞሩን አላቆመም። በተከፈተልኝ ቁጥር «እዚህ! እዚህ!» እያልኩ ኳስ ጠራሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሲሸፍኑ አየሁ። እሱም አየ። እንደ ግንድ ደርቆ ቀረ። ኳሱ ከእግሩ ሥር አልፎ መጣልኝ። በረኛቸው ስሙን እየጠራ ሲጮህ እሰማለሁ። ብቻዬን ገብቼ አገባሁ።

ጓደኞቼ ላዬ ላይ ተከመሩ። በእግሮቻቸው መሀል ሲራመድ ይታየኛል። ሜዳውን ትቶ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ አጎቱ። ሊቆጣው ከኋላው የሮጠ አንድ የቡድኑ ልጅ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ለቅሶው ተሰማ። ዳኛው የቀረውን ደቂቃ አላጫወተም። ሁለት ለአንድ አሸነፍን፣ የዘፈነ ግን አልነበረም።

አሰልጣኙ ዕቃ ስንሰበስብ ጠጋ አለኝ። «ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ ተመለሰ። ሁለት ቀን በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁና «እግዜር ያጥናህ» አልኩት። አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ቀና አለ።

«አንተ ነህ አሉ ያመጣሃቸው። ነግረውህ ነበር?»

«አዎ።»

እንዲቆጣኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጫማውን ወደ አልጋው ሥር በእግሩ ገፋ አደረገና «ሁለተኛውን ጎል አላየሁትም» አለ። «ሰው ነው የነገረኝ።» እኔም የመጣሁበትን ይቅርታ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ላይ አይቼው አላውቅም።

ስንመረቅ እናቱ መጥተው ነበር። ጥቁራቸውን ገና አላወለቁም። በሰው ግርግር መሀል እጄን ይዞ ወደ እሳቸው ወሰደኝ።

«እማ፣ ያን ቀን አጎቴን ሜዳ ድረስ ያደረሰው ልጅ ይኼ ነው» አላቸው።

አቅፈው ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ። «እናትህን ያቆይልህ፣ ልጄ። በሰው ሀገር ወንድም ሆንክለት» አሉ።

እሱ ከኋላቸው ቆሞ ያየኝ ነበር።

«አሜን» አልኩ።